ራዲያተር ለምን ያፈሳል? ለአሮጌ መኪና ባለቤቶች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ጠዋት ከመነሳታቸው በፊት ኮፈን ከፍተው፣ በሃይላንድ የያዙትን ውሃ ራዲያተር ውስጥ የሚያንቆረቁሩ ሾፌሮችን ሁላችንም እናውቃለን። ይሞላሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይሄዳሉ። በነጋታውም እንደዚያው። ብዙ ሰው ይህን የአሮጌ መኪና ጠባይ ነው ብሎ ተቀብሎታል። ጠባይ አይደለም። የሞተር ማቀዝቀዣ ዝግ ሆኖ የተሠራ ነው። ደህና ከሆነ ለወራት ውሃ አይጠይቅም። ከቀነሰ በሆነ ቦታ እየወጣ ነው።

ጉዳዩ አሁን ከበፊቱ ይበልጥ ያሳስባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ዛሬ መንገድ ላይ የምናያቸው ኮሮላዎችና ቪትዞች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ራዲያተራቸው ግን አርጅቷል።

ስለ ራዲያተር ማፍሰስ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ውሃው ነው። የሚረሳው ግፊቱ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ላለ ከተማ ደግሞ ዋናው ነገር እሱ ነው።

ውሃው ሞተሩ ውስጥ ምን ይሠራል?

ነዳጅ ሲቃጠል ከሚወጣው ኃይል ጎማ የሚያዞረው ትንሹ ክፍል ነው። ሲሶ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል። ብዙው ቀሪ በጭስ ማውጫ ይወጣል። ውሃው ሙቀቱን ይዞ ካልሄደ ብረቱ ይሰፋል፣ ይጣመማል፣ በመጨረሻም ሞተሩ ይነክሳል፤ ተጣብቆ ይቆማል።

መንገዱ አጭር ነው። በቺንጋ የሚዞር ፓምፕ ውሃውን በሞተሩ አካልና በቴስታታ፣ ማለትም በሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ውስጥ ይገፋዋል። ቴርሞስታት የሚባል በር አለ። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ተዘግቶ ይቆያል፤ በብዙ መኪና 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይከፈታል። ያኔ ትኩሱ ውሃ በላይኛው ጎማ ቱቦ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፣ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ሲያልፍ ነፋስና ፋን ያቀዘቅዙታል፣ በታችኛው ቱቦ ተመልሶ ሞተር ይገባል።

ኩላንት የምንለው ንጹህ ውሃ፣ ኢትሊን ግላይኮል የሚባል ፈሳሽ እና የዝገት መከላከያ ቅመሞች ተደባልቀው ነው።

ክዳኑ ይህን ያህል ምን ያደርጋል?

ባቄላ ወይም ሽንብራ ደጋ ላይ ለመብሰል እንደሚቆይ ማንም ያውቃል። ቦታው ከፍ ሲል አየሩ ይሳሳል፤ ውሃውም ሳይበረታ ቶሎ ይፈላል። በግፊት ድስት ሲቀቀል ግን ይፈጥናል፤ እንፋሎቱ ስለታፈነ ውሃው ከመፍላቱ በፊት የበለጠ ይሞቃል። የራዲያተር ክዳን ሥራ ይኸው ነው።

በቁጥር እንየው። በባሕር ጠለል ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ያህል ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደህና የሆነ ሞተር ደግሞ በተለመደው ሥራው ላይ እያለ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ይሞቃል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጓቸው። ግፊት ባይኖር፣ አዲስ አበባ ላይ በባዶ ውሃ የሚሄድ መኪና ምንም ሳይበላሽ ሊፈላ ይችላል ማለት ነው።

ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ክዳኑ እስከ ስንት ባር ግፊት አፍኖ እንደሚይዝ የሚናገር ነው። 0.9 የሚል ጤነኛ ክዳን ካለ አዲስ አበባ ላይ ባዶ ውሃ እንኳ እስከ 114 ዲግሪ አካባቢ አይፈላም። ኩላንት ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ ይታገሳል። እንግዲህ አንዲት ቀዳዳ፣ ወይም ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን፣ ይህን ሃያ ዲግሪ ያህል መተማመኛ ይወስደዋል። የጎደለውን ውሃ በየቀኑ መሙላት ግፊቱን አይመልስም።

አንዳንድ ሾፌር ራዲያተሩ ሲያፈስበት ክዳኑን ላላ አድርጎ ይነዳል። ግፊቱ ሲቀንስ ጠብታው እንደሚቀንስ እውነት ነው። ውሃው ግን ቶሎ ይፈላል። ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን ወይም ወደ ደጀን ሽቅብ የወጣ ሰው የዚያን ዳገት ጸባይ ያውቃል። ሥሩ ሞቃት ነው፣ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ይለፋል፣ መኪናው ስለሚያዘግም ነፋስ አያገኝም። ላላ ባለ ክዳን እዚያ መውጣት ሞተርን ለአደጋ መስጠት ነው።

ከየት ከየት ያፈሳል?

በአሮጌ መኪና በብዛት የማገኘው ጎማ ቱቦዎቹ ላይ ነው። ጎማው ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፣ ወይም ዘይት ነክቶት ያብጣል። ጫፉ ላይ የሚያጠብቀው የብረት ማሰሪያም ይላላል። ቱቦውን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ጨበጥ አድርጉት። እንደ ደረቅ እንጨት ከሆነ ወይም ስንጥቅ ከታየ ይቀየር።

ቀጥሎ ራሱ ራዲያተሩ ነው። የቀድሞዎቹ ከመዳብና ከናስ የተሠሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጡት መሃላቸው አሉሚኒየም ሆኖ ውሃው የሚጠራቀምበት ግራና ቀኙ ወይም ላይና ታቹ ፕላስቲክ ነው። በፕላስቲኩና በአሉሚኒየሙ መሃል የጎማ ማሸጊያ አለ፤ የብረቱ ጥርስ ታጥፎ ይይዛቸዋል። ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅ ሁለቱ እኩል አይሰፉም፤ ማሸጊያው ይደክማል፣ በዚያ መስመር ውሃ ማዣት ይጀምራል። ፕላስቲኩም ከጊዜ ብዛት ጥቁርነቱን ትቶ ቡናማ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ በተለይ የላይኛው ቱቦ የሚገባበት አንገት ይሰነጠቃል። ቡናማ የሆነ ፕላስቲክ ካያችሁ ባያፈስም ቀኑ ቀርቧል።

ውሃ ፓምፑን አትርሱት። ከዘንጉ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው የተሠራው ሆነ ተብሎ ነው፤ የውስጡ ማሸጊያ ሲያልቅ ውሃው በዚያ ወጥቶ እንዲያስጠነቅቅ። ከሱ በታች የደረቀ የውሃ መስመር ካለ ፓምፑ ሊያልቅ ነው።

ሌላው የተደበቀው ቦታ የጋቢናው ማሞቂያ ነው። ከዳሽቦርድ ጀርባ የተቀመጠ ትንሽ ራዲያተር በሉት። ሲያፈስ ውሃው መሬት ላይ አይታይም። የፊት ምንጣፉ ይረጥባል፣ ማሞቂያ ሲከፈት መስታወቱ የሚቀባ ጉም ይለብሳል፣ መኪናው ውስጥ ጣፋጭ ሽታ ይመጣል።

ቤት ሆኜ እንዴት ልወቅ?

ማታ መኪናው በሚቆምበት ቦታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን ዘርጉ። ጠዋት ጠብታው የት እንደወደቀ ይነግራችኋል። አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሮዝ ሆኖ በጣት ሲነካ ትንሽ የሚያሟልጭ ከሆነ ኩላንት ነው። ቡናማ ከሆነ የዛገ ውሃ ነው። ኤሲ ሲሠራ ከተሳፋሪው በኩል የሚንጠባጠብ ጥርት ያለ፣ ሽታ የሌለው ውሃ ግን ጉዳት አይደለም፤ ከአየር የተጠራቀመ እርጥበት ነው።

ከዚያ በቀን ብርሃን፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ከላይ ወደ ታች ተመልከቱ። ፈሳሽ ሁልጊዜ ከሚንጠባጠብበት በላይ ነው የሚጀምረው። የምትፈልጉት እርጥበት ብቻ አይደለም፤ የደረቀ ምልክትም ፈልጉ። ኩላንት ሲደርቅ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ይተዋል። ዶልፊንና አባዱላ ሚኒባሶች ላይ ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ወንበሩን ሳያነሱ ይህን ማየት አይቻልም፤ ለዚህ ነው የነሱ ጉዳት አርፍዶ የሚታወቀው።

አንዳንዱ ቀዳዳ ሞተር ሲሞቅ ብቻ ያፈሳል፤ ግፊት ይፈልጋል። አንዳንዱ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ብቻ፤ ጎማው ሲኮማተር ማሰሪያው ይላላል። ስለዚህ ማታም ጠዋትም እዩ።

ክዳኑን ሞተሩ ትኩስ ሳለ በፍጹም አትክፈቱ። ግፊቱ ሲለቀቅ በውስጡ ያለው ውሃ ባንዴ ይፈላና ፊትና እጅ ላይ ይረጫል። የላይኛው ቱቦ በባዶ እጅ የሚያዝ እስኪሆን ጠብቁ።

ከውጭ ምንም አይታይም፤ ውሃው ግን ይቀንሳል። የት ይሄዳል?

ይህ አሳሳቢው ነው። በሞተሩ አካልና በቴስታታው መሃል ጓርኒሲዮን የሚባል ማሸጊያ አለ። እሱ ከተቃጠለ ውሃ ወደ ሚቃጠለው ነዳጅ ይገባል፣ ወይም ወደ ሞተር ዘይት። ምልክቶቹ ይታወቃሉ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ነጭ ጭስ፣ በራዲያተሩ አፍ የሚንተከተክ አረፋ፣ በዘይት ክዳኑ ሥር ወተት ቡና የሚመስል ቅባት። ጠዋት ላይ ለአጭር ጊዜ የሚታየው ትንሽ ነጭ ጭስ ግን የተለመደ ነው፤ በዚህ አትደንግጡ።

አውቶማቲክ ማርሽ ባላቸው ብዙ መኪኖች የማርሹ ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው። ያ ቱቦ ከተበሳ ዘይትና ውሃ ይቀላቀላሉ። ራዲያተር ውስጥ ሮዝ ቅባት ካያችሁ መኪናውን አታንቀሳቅሱ። ማርሹን ማደስ ከራዲያተሩ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ጋራዥ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው የግፊት ምርመራ ነው። መካኒኩ በክዳኑ ቦታ በእጅ የሚነፋ ፓምፕ ይገጥማል፣ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ቁጥር ይነፋል፣ ከዚያ ቆሞ ቀስቱን ያያል። አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ቀስቱ ካልወረደ ሥርዓቱ ጤነኛ ነው። ከወረደ ውሃው የሚወጣበት ቦታ ይታያል። ወርዶም ከውጭ ምንም ካልታየ ጥርጣሬው ወደ ጋቢናው ማሞቂያ ወይም ወደ ጓርኒሲዮኑ ይዞራል። ሞተር ማስነሳት አያስፈልግም፤ የሚቃጠል ሰው የለም። ክዳኑም በዚሁ ፓምፕ ይፈተናል። ይህ ዕቃ የሌለው ጋራዥ ራዲያተር ይውረድ ሲል ከመስማማታችሁ በፊት ሌላ ቦታ ሂዱ ብዬ እመክራለሁ።

ሁለተኛው ጓርኒሲዮን ሲጠረጠር የሚደረገው ነው። በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚወጣው አየር በሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። የተቃጠለ ነዳጅ ጋዝ ካለበት ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቴስታታ ሳይፈታ መልሱ ይገኛል።

ራዲያተሩ ከወረደ በኋላ ደግሞ አፎቹ ተደፍነው፣ በአየር ተነፍቶ፣ ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ይነከራል። አረፋ ከወጣበት ቦታ ነው የተበሳው።

ይበየድ ወይስ ይቀየር?

መዳብና ናስ ከሆነ ብየዳ ጥሩ መፍትሔ ነው። ቆርቆሮና እርሳስ የተቀላቀለበት መበየጃ በቀላሉ ይቀልጣል፣ ብረቱንም ይይዘዋል። ጥሩ እጅ ያለው ባለሙያ የበየደው ራዲያተር ዓመታት ይሄዳል። ሥራው ሲያልቅ ግን ዓይናችሁ እያየ እንደገና ገንዳ ውስጥ ይነከር።

አንድ ነገር ጠንቀቅ በሉ። የተበሳውን ቱቦ ቆርጦ ሁለቱን ጫፍ መድፈን የተለመደ አቋራጭ ነው። አንድ ሁለት ቱቦ ቢሆን ብዙ አይጎዳም። ቁጥሩ ሲበዛ ግን ውሃ የሚያልፍበት ይጠባል፤ አያፈስም፣ ግን አያቀዘቅዝም። ከደፈኑት ስንት እንደደፈኑ ጠይቁ።

አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ያዣው መጋጠሚያው ከሆነ ጥርሱ ተከፍቶ፣ የጎማ ማሸጊያው ተቀይሮ፣ ተመልሶ ሊታጠፍ ይችላል። የተሰነጠቀ ፕላስቲክን በማጣበቂያ መለጠፍ ግን ቤት መድረሻ ብቻ ነው። ሙቀትና ግፊት ይልጠዋል። እኔ ብጠየቅ ፕላስቲኩ ቡናማ ከሆነ ገንዘቤን ብየዳ ላይ አላወጣም፤ ልቀይረው እል ነበር።

ሶማሌ ተራ ወይም ሌላ ቦታ ያገለገለ ራዲያተር ስትገዙ በሞተሩ ዓይነት ብቻ አትመኑ፤ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ። ውፍረቱን፣ የቱቦዎቹን አፍ ስፋት፣ የፋኑን መያዣ አስተያዩ። ሻጩ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያሳያችሁ።

በሁሉም ጥገና ላይ ክዳኑን አዲስ አድርጉት። ከሁሉም ዕቃ ርካሹ እሱ ነው። ቁጥሩ ከፋብሪካው ጋር አንድ ይሁን። 0.9 በነበረበት 1.1 መግጠም ያረጀውን ፕላስቲክ ሊያፈነዳው ይችላል።

ማሸጊያ ፈሳሽ ብጨምርስ?

ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር ማሸጊያ ይሸጣል። የእንቁላል ነጭና ቁንዶ በርበሬ የሚጨምሩም አሉ። ሐሳቡ አንድ ነው፦ ከውሃው ጋር የሚዞረው ነገር ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ይደፍነዋል። ችግሩ ቀዳዳውን ከቀጭን ቱቦ መለየት አለመቻሉ ነው። የጋቢናውን ማሞቂያም ሊደፍን ይችላል። ገጠር መንገድ ላይ ጨለማ ለያዘው ሰው የፋብሪካው ማሸጊያ ይጠቅም ይሆናል። እንቁላሉን አልመክርም፤ ይበሰብሳል። የትኛውም ከሆነ በኋላ ሥርዓቱ ይታጠብ።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም አንዳንድ ጋራዥ የሚሰጠው ምክር ነው። አትቀበሉ። ሞተሩ የሚገባውን ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል። የሚያፈሰውም እንዳፈሰሰ ነው።

የቧንቧ ውሃ ወይስ ኩላንት?

የቧንቧም ሆነ የጉድጓድ ውሃ ማዕድን አለው። ሲሞቅ ማንቆርቆሪያ ሥር የምናየው ዓይነት ነጭ ድንጋይ በራዲያተሩ ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል። ቅመም የሌለው ውሃ ብረቱን ያዝገዋል፣ አሉሚኒየሙንም ይበላዋል። የዛሬዎቹ ብዙ ቀዳዳዎች ትናንት በተጨመረ ውሃ የተበሱ ናቸው።

ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ። ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ አሲድ አለመሆኑን ግን አንብባችሁ አረጋግጡ። ተዘጋጅቶ የተቀላቀለ ኩላንት ከገዛችሁ ውሃ አይጨመርበትም። ቀለም አይቶ መቀላቀል ደግሞ ስህተት ነው። ቀለሙን እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደፈለገ ነው የሚሰጠው። ሁለት የማይስማሙ ዓይነቶች ሲገናኙ እንደ ጄል ይረጋሉ። በፊት ምን እንደነበረ ካላወቃችሁ አጥባችሁ አዲስ ሙሉ።

ስትሞሉ አየር እንዳይቀር የጋቢናውን ማሞቂያ ትኩሱ ላይ አድርጉ፣ የመኪናውን አፍንጫ ዳገት ላይ አቁሙ፣ በቀዝቃዛ ሞተር ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩን አስነሱ። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ጨምራችሁ ዝጉ። በማግስቱ ጠዋት እንደገና እዩ፤ ትንሽ መውረዱ የተለመደ ነው። በሦስተኛው ቀንም ከወረደ ገና ያፈሳል።

መንገድ ላይ ቢሞቅብኝስ?

የሙቀት መለኪያው ጌጅ መውጣት ሲጀምር ኤሲ አጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ላብ ያስወጣል፣ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ ጥግ ያዙ። እንፋሎት ከታየ ወይም ቀስቱ ቀዩ ጋ ከደረሰ ወዲያው ሞተር አጥፉ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ የላይኛው ቱቦ በባዶ እጅ የሚያዝ እስኪሆን ጠብቁ። ክዳኑን በጨርቅ ይዛችሁ መጀመሪያ ትንሽ ብቻ አዙሩ፣ ትንፋሹ ይውጣ፣ ከዚያ ክፈቱ። ሞተሩን አስነስታችሁ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። በጋለ ቴስታታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ባንዴ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ጌጁንም በጭፍን አትመኑ። ሙቀቱን የሚለካው ዕቃ ውሃ ሲነካው ነው በትክክል የሚናገረው። ውሃው ጨርሶ ካለቀ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ቀስቱም ሊወርድ ይችላል። ሞቆ የነበረ ጌጅ ሳትነኩት ድንገት ከቀዘቀዘ፣ ማሞቂያውም ቀዝቃዛ አየር ከነፋ፣ ቁሙ።

ያወጣሁትን ኩላንት የት ላድርገው?

ኢትሊን ግላይኮል መርዝ ነው። ጣዕሙ ደግሞ ይጣፍጣል፤ ልጆችና የግቢ ውሾች ይልሱታል። ጥቂት መጠጣት ኩላሊት ያበላሻል፣ ይገድላልም። ግቢ ውስጥ ወይም ቦይ ውስጥ አትድፉት። ሲወርድ በሰፊ ዕቃ ተቀበሉት፣ መሬት ላይ የፈሰሰውን በአሸዋ አንሱት፣ የተጠራቀመውን በጀሪካን ዘግታችሁ ምን እንደሆነ ጻፉበት። የተቃጠለ ዘይት የሚሰበስብ ጋራዥ ካለ አስረክቡት። የለስላሳና የውሃ ላስቲክ ውስጥ ግን አታስቀምጡት፤ ቀይና አረንጓዴ ስለሆነ ልጅ ጁስ ይመስለዋል።